«ፋይሉን በእንግሊዝኛ ሰይመው» ማለት ይብቃን!

ጎበዝ! ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ ይቺን ምክር ሳይሰማት አይቀርም፦ «የፋይሉን ስም በእንግሊዝኛ አድርገው፤ በአማርኛ ከሆነ አይከፍትልህም»። እኔም ስመክር ኖሬያለሁ። ዛሬ ንስሐ ልግባ።

ዳንግላ ውስጥ ላለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ሰነድ ስካን አድርጎ የሚያስቀምጥ ትንሽ ፕሮግራም በፓይዘን ጻፍኩ። ምስሉን ዲስክ ላይ የሚያሰፍረው ግን በሲ የተሠራ ላይብረሪ ነበር። ፓይዘን 3 «አየሁ» የሚለውን ስም በዩኒኮድ ፊደል ይይዘዋል። ሲ ደግሞ የሚቀበለው ባይት ነው። ድንበሩ ላይ ስሙን አሳልፌ መስጠት የኔ ሥራ ነበር። እኔ ሰነፉ ግን 1252 ወደሚባለው የዊንዶውስ የድሮ ኮድ ፔጅ ቀየርኩት። ይህ ሰንጠረዥ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነው ያለው፤ አንድም የግዕዝ ፊደል የለበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ። ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ የጥያቄ ምልክት አይፈቅድም። «ብልሁ» እኔ በሰረዝ ተካሁት!

ውጤቱስ? «አየሁ»ም ሦስት ሰረዝ፣ «አለሙ»ም ሦስት ሰረዝ! የአንዱ ገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተር በሌላው ላይ ተጻፈበት። ሰውየው ለጉዳዩ እንጅባራ ሊሄድ ቅጂውን ቢጠይቅ የሰው መሬት ታተመለት። ዋናውን ደብተር ሊያመጣ ወደ ቀበሌው ተመለሰ፤ ቀኑም በከንቱ አለፈ።

ታዲያ ጥፋቱ የፊደሉ ነው? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አውኚ የሚጽፍ ሰው የሚፈልጋት «ጘ» እንኳ ያኔውኑ ገብታለች። ፊደሉ ሥራውን ጨርሷል፤ ያልጨረስነው እኛ ነን።

«በላቲን መጻፍ ምን ይጎዳል?» ለምትሉኝ፦ «ሰራ» እና «ሴራ» በላቲን ስንጽፋቸው ልዩነት የላቸውም። የሠራውንና ያሴረውን የማይለይ መዝገብ ምን ይረባናል?

መፍትሔው ተራራ መግፋት አይደለም። ሊኑክስ ላይ ስሙን በዩቲኤፍ-8 አሳልፉት፤ «አየሁ» 9 ባይት ሆኖ በሰላም ይደርሳል። ዊንዶውስ ላይ ዩቲኤፍ-16 የሚቀበሉትን ሰፊዎቹን ፈንክሽኖች ጥሩ፤ ፓይዘን 3 ራሱ ፋይል ሲከፍት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዊንዶውስ 10ም ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ፕሮግራም «የኔ ኮድ ፔጅ ዩቲኤፍ-8 ነው» ብሎ እንዲያስታውቅ ፈቅዷል። ስሙን መለወጥ ካልተቻለ ደግሞ ፕሮግራሙ ስህተት ብሎ ይጩህ እንጂ በዝምታ ሌላ ምልክት አይተካ። የሚጮህ ስህተት ይታረማል፤ ዝም ያለው ግን የሰው ሰነድ ይበላል።

የኔን ጥፋት ለማረም ጥቂት መስመር ኮድ በቃኝ። የገበሬውን ቀን ግን ማን ይመልስለት?

እናም ወንድሜ፣ እህቴ ፕሮግራመር፦ ሰውን «ስምህን ለውጥ» ከማለታችን በፊት ኮዳችንን እንለውጥ!