ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ አድራሻ ለሌላ እንዳይውል፦ የኢሜይልና የስልክ ዝርዝሮች ጥበቃ

የመንግሥት አገልግሎት ወደ ዲጂታል አሠራር እየተሸጋገረ በሄደ መጠን ተገልጋዩ በቅጽ ላይ የሚሞላው መረጃም ተለውጧል። ቀደም ሲል ስም፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ይበቃ ነበር፤ ዛሬ የኢሜይል አድራሻና የሞባይል ቁጥር ተጨምሯል። ይህም ተገልጋዩን ከብዙ ምልልስ አሳርፏል። ይሁን እንጂ አድራሻው ለአንድ ጉዳይ ከተሰጠበት መሥሪያ ቤት ወጥቶ በማይታወቁ ሰዎች እጅ ሲገባ፣ የተገልጋዩ ምቾት የአጭበርባሪዎች መንገድ ይሆናል።

የተለወጠው ሰሌዳው ነው

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ደምበጫ፣ እንደ ሌሎች የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ የሥራ አመልካቾችን ወይም የሥልጠና ተመልማዮችን ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ እንግዳ ነገር አይደለም። መለጠፉም በራሱ ጥፋት አይደለም። ማን እንደተመዘገበና ማን እንዳለፈ ሁሉም እንዲያይ ማድረግ አድልዎን ከሚከላከሉ መንገዶች አንዱ ነው።

ቀድሞ ግን ወረቀቱን የሚያነብበው በዚያ ያለፈ ሰው ብቻ ነበር፤ ፀሐይና ዝናብም ብዙ አያቆዩትም። አሁን በሞባይል ፎቶ ይነሣና በቴሌግራም ይሰራጫል፤ ዓመታት ካለፉም በኋላ ይገኛል። ከስሙ ጎን ስልክና ኢሜይል ካለበት፣ ዝርዝሩ ለአጭበርባሪ ሁለት ነገር ይነግረዋል፦ አድራሻው በሥራ ላይ ያለ መሆኑንና ባለቤቱ ምን እየጠበቀ እንዳለ። ሥራ የሚጠብቅ ወጣት «ተመርጠሃል፤ የምዝገባ ክፍያ ላክ» የሚል መልእክት ሲደርሰው ለማመን የሚቀለው ስለዚህ ነው።

አድራሻ እንዴት ይለቀማል?

ችግሩ ከኢሜይል ጋር አብሮ የኖረ ነው። በሚያዝያ 1970 ዓ.ም. በአሜሪካ የአንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ የሽያጭ ባለሙያ፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው አርፓኔት ላይ ለ400 ያህል ተጠቃሚዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። አድራሻዎቹ የተወሰዱት ተጠቃሚዎቹ እርስ በርስ እንዲገናኙበት ከታተመ ማውጫ ነበር። ይህ በታሪክ የመጀመሪያው አይፈለጌ መልእክት ተብሎ ይጠቀሳል።

ዛሬ ለቀማውን የሚሠሩት ፕሮግራሞች ናቸው። ገጾችን እያሰሱ ኢሜይልን የሚለየውን የ«አት» ምልክት ይፈልጋሉ፤ በግራና በቀኙ ያለውንም ይመዘግባሉ። ምልክቱን በፊደል መጻፍ ወይም አድራሻውን በምስል ማስቀመጥ ለቀማውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። አስተማማኙ መፍትሔ የግል አድራሻን መጀመሪያውኑ ይፋ አለማድረግ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ቅድመ ፈቃድ ምርትን ወይም አገልግሎትን ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ ኢሜይል ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ፣ ድርጊቱ ከባድ ሲሆን ደግሞ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ይደርሳል። ሆኖም ይህ ድንጋጌ የሚያተኩረው በላኪው ላይ ነው፤ ላኪው ማንነቱን ሲደብቅ ወይም ከአገር ውጭ ሲሆን እርሱን መያዝ ቀላል አይደለም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ትኩረቱን መረጃውን ወደ ሰበሰበው አካል ያዞራል። የግል መረጃ ለተገለጸ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይጠየቅና ደኅንነቱ እንዲጠበቅ ያዝዛል። ተገልጋዩም ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የማስተካከል መብት አለው። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እንግዲህ አድራሻን መጠበቅ ለጥንቃቄ ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት ግዴታ ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቅ

ግልጽነትና ምስጢር ጠባቂነት አይጣሉም። የውድድር ውጤት በስምና በምዝገባ ቁጥር ሊለጠፍ ይችላል፤ ስልክና ኢሜይል ግን በመዝገብ ይቆያል፣ ጥሪውም ለየግል ይላካል። ለብዙ ሰዎች አንድ ኢሜይል ሲላክ አድራሻዎቹን «ቢሲሲ» በሚለው ቦታ ማስገባት ተቀባዮቹ የሌላውን አድራሻ እንዳያዩ ያደርጋል። ጊዜው ያለፈበት ዝርዝርም ከሰሌዳና ከገጽ ሊነሣ ይገባዋል።

ተገልጋዮች ምን ያድርጉ?

• ለማመልከቻና ለምዝገባ ብቻ የሚያገለግል ኢሜይል ይክፈቱ፤ ከባንክ ጋር የተያያዘውን ለብቻ ይያዙ።

• ኢሜይል የከፈተልዎ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ከሆነ የይለፍ ቃሉን በራስዎ ይቀይሩ፤ የማረጋገጫ ስልኩም የእርስዎ ይሁን። ቃሉ በሌላ ሰው እጅ ከቀረ ደብዳቤዎ ሁሉ በእጁ ነው።

• ካልታወቀ ላኪ የመጣን ማስፈንጠሪያ አይክፈቱ፤ መልስም አይስጡ። «አታላክልኝ» ብሎ መመለስ እንኳ አድራሻው በሥራ ላይ መሆኑን ያረጋግጥለታል።

• የማረጋገጫ ኮድ፣ የቴሌብርም ሆነ የባንክ ምስጢር ቁጥር ለማንም አይንገሩ። ደዋዩ ስምዎንና ያመለከቱበትን የሥራ መደብ ማወቁ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም፤ ከተለጠፈ ዝርዝር አንብቦት ሊሆን ይችላል። ስልኩን ዘግተው መሥሪያ ቤቱን በሚታወቀው ቁጥር ወይም በአካል ይጠይቁ።

• ስልክዎ ወይም ኢሜይልዎ በይፋ ተለጥፎ ካገኙ እንዲነሣ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የማመልከቻውንም ቅጂ ይያዙ።

• ገንዘብዎ ከተወሰደ ሳይዘገዩ ለባንክዎና በአቅራቢያዎ ላለው ፖሊስ ያሳውቁ፤ የደረሰዎትንም መልእክት አያጥፉ፣ ማስረጃ ነውና።

ቅጽ እንዲሞሉ ሲጠየቁ «ይህ አድራሻ ለምን ይፈለጋል? ማንስ ያየዋል?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ መስጠትም ከአገልግሎቱ አንዱ ክፍል ነው።