ለፈረንጇ አልጋ፣ ለመምህራችን ደብዳቤ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ያስቀይም ይሆናል። ግን ጌዴኦ ውስጥ ጠመኔ የያዘ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ከዓመታት በፊት አስተምርበት ወደነበረው ትምህርት ቤት አንዲት ፈረንጅ በጎ ፈቃደኛ የእንግሊዝኛ መምህርት ልትመጣ ነው ተባለ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ቤት ተፈለገ፣ ግድግዳው ተቀባ፣ በሩ አዲስ ቁልፍ ተገጠመለት፣ አልጋው ከዲላ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። የገባች ቀን ቡና ተፈላ፣ ቆጮ በጎመን ቀረበ፣ ሽማግሌዎች መረቁ።

በዚያው መስከረም ከወላይታ አንድ የፊዚክስ መምህር ተመድቦ መጣ። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነው። የያዘው አንድ ሻንጣና የምደባ ደብዳቤ ብቻ። ደብዳቤው ታየና «ነገ ክፍል ትገባለህ» ተባለ። ማታ የት እንደሚያድር የጠየቀው ሰው የለም። ሁለት ሳምንት ቤተ ሙከራው ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ አደረ። ሰኔ ላይ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ተማሪዎቹ በቀጣዩ ዓመት እስከ ጥር ድረስ ፊዚክስ የሚያስተምራቸው አላገኙም።

ልጅቷን አልወቅሳትም። ጎበዝ ነበረች። እንደኛው በጀሪካን ውሃ ትቀዳለች። በቡና ለቀማ ወቅት ክፍሉ በግማሽ ሲጎድል፣ ያመለጣቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ትደግምላቸው ነበር። ግን ይህን ያደረገችው ደግ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ከመመደቧ በፊት ወራት የፈጀ ሥልጠና ወስዳለች፣ ቋንቋ ተምራለች፣ ከአገር ሰው ቤተሰብ ጋር ኖራለች። ከመጣችም በኋላ «እንዴት ነሽ?» ብሎ የሚደውልላት አለቃ ነበራት። የእኛ ልጅ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አላገኘም።

«ታዲያ በጎ ፈቃደኞች ይጨመሩልን» የሚሉ አሉ። ታሪኩን እንይ። የአሜሪካ ሰላም ጓድ የ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ሊከፈት ሲል ከ270 በላይ ወጣቶች ይዞ ገባ፤ አብዛኞቹ በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሆኑ። በደርግ ጊዜ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ1995 ተመልሶ በ1999 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት ወጣ። በ2007 እንደገና መጣ፤ በ2020 በኮሮና ምክንያት በጎ ፈቃደኞቹ ተጠርተው ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ እንግዳ ነገር ሲከፋ አገሩ ይገባል። ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው ግን ያ አልጋ ያጣው መምህር ነው።

«በጀት የለም» ትሉኝ ይሆናል። ያ ኮሚቴ ከማን በጀት ጠየቀ? ቀለሙንም አልጋውንም ያዋጣው ሕዝቡ ነው። ለእንግዳ የሚዘረጋ እጅ ካለን ለልጆቻችን መምህር ለምን ይታጠፋል? ቋንቋውስ? ቡሌ ወይም ገደብ ለሚመደብ መምህር ሁለት ሳምንት ጌዴኡፋ ለማስተማር የውጭ ባለሙያ ያስፈልጋል? ዲላ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፤ መነሻውም የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ኮሌጅ ነበር።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁላችንም ተማሪዎቹን ሰደብን። እስከ ጥር ፊዚክስ ያልተማረ ልጅ በፈተናው ምን ይመልስ?

የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት፣ የቀበሌ አመራሮች፣ ርዕሳነ መምህራን፦ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በመጪው ነሐሴ ያንኑ ኮሚቴ አቋቁሙ። አንድ ክፍል ቀቡ፣ አንድ አልጋ አስገቡ። አዲሱ መምህር ከመኪና ሲወርድ ቡና ይፈላለት። ከዚያ በኋላ «መምህር አይበረክትልንም» ካላችሁ፣ እኔም አብሬያችሁ አማርራለሁ።