ጎረቤት ለሞት ቀን ብቻ አይደለም

ሰው በተወለደ ቀን በሌሎች እጅ ይታቀፋል፤ በሞተም ቀን በሌሎች እጅ ይቀበራል። በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ግን «እኔ ለራሴ እበቃለሁ፤ ጎረቤት ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው አይታጣም። ይህ አነጋገር ስሕተት እንደ ሆነ የገበሬዎች ሥራ ያስተምረናል።

በአገራችን ገጠር ወንፈል የሚባል ልማድ አለ። ወንፈል ማለት ጎረቤታሞች ተራ ገብተው አንዱ በሌላው እርሻ የሚሠሩበት ነው። ዛሬ በአንዱ ማሳ ቢውሉ ነገ በሌላው ይውላሉ፤ አንድ ቀን የተቀበለ አንድ ቀን ይመልሳል። ደቦ ከዚህ ጥቂት ይለያል። በደቦ ባለ ጉዳዩ ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ እንጀራና ጠላም ያሰናዳላቸዋል። እነርሱም እየዘፈኑ እህሉን ያጭዱለታል፥ ወይም ቤቱን ያቆሙለታል።

ምናልባት ሒሳብ የሚወድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦ «አንድ ገበሬ ማሳውን ብቻውን ቢያጭድ አሥር ቀን ይደክማል። አሥር ገበሬዎች ተባብረው አሥር ማሳ ቢያጭዱም እያንዳንዱ የሚደክመው አሥር ቀን ነው። እንግዲያስ ትርፉ ምንድር ነው?» ጥያቄው መልካም ነው። መልሱም ይህ ነው። የደረሰ እህል ሰው አይጠብቅም። ማሳ ሁሉ ደግሞ በአንድ ቀን አይደርስም፤ የአንዱ ይቀድማል፥ የሌላው ይዘገያል። አሥሩም ሰዎች እህሉ ወደ ደረሰበት ማሳ ቢሄዱ፥ ዝናም ሳይመታው በአንድ ቀን ይሰበሰባል። የታመመ ሰው እህልም በሜዳ አይቀርም። ከባድ ምሰሶም ቢሆን በአንድ ሰው ትከሻ አይነሣም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ስለዚህ ነው።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓመተ ምሕረት በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ሄደው ነበር፤ ከተመለሱም በኋላ ስለዚያ አገር «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚባል መጽሐፍ ጻፉ። የጃፓን ገበሬዎችም የሩዝ ችግኝ ሲተክሉና ቤት ሲከድኑ «ዩዪ» በሚባል ልማድ ይረዳዱ ነበር፤ ነገሩ ከእኛ ወንፈል ጋራ አንድ ነው። ሺራካዋ በሚባለው ተራራማ መንደር ያሉት የጥንት ቤቶች ጣራቸው በወፍራም ሣር የተከደነ ነው። በረዶ እንዳይከመርበትም እጅግ ሾጣጣ ሆኖ ስለ ተሠራ፥ ለጸሎት የተጋጠሙ ሁለት እጆችን ይመስላል። እነዚህ ቤቶች በ1988 ዓመተ ምሕረት በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሣሩ የሚታደሰው ሠላሳ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ነው። የመንደሩ ሰዎች በብዛት ወጥተው ጣራውን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይከድኑት ነበር። እንግዲህ ዛሬ የረዳ ሰው ብድሩን የሚያገኘው ምናልባት በልጁ ዘመን ነው፤ ቢሆንም አይቀርብኝም ብሎ ይረዳ ነበር።

በዚያው አገር በቀድሞ ዘመን የመንደሩን ደንብ ያፈረሰ ቤተ ሰብ ጽኑ ቅጣት ይቀጣ ነበር። ጎረቤቶቹ በሥራ አይረዱትም፤ በሠርጉ አይገኙለትም፤ ሲታመምም አይጠይቁትም። ሁለት ነገር ብቻ ያስቀሩለት ነበር ይባላል። ቤቱ ሲቃጠል እሳቱን ያጠፉለታል፤ ሰው ሲሞትበትም ይቀብሩለታል። የዛሬው የጃፓን ሕግ እንዲህ ያለውን ቅጣት አይፈቅድም።

አሁን ወደ ቀበና እንመለስ። የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ተራራ ወርዶ በከተማው መካከል ያልፋል። በዳርና በዳሩ ያለው ሕዝብ ገበሬ ስላይደለ ወንፈል የለውም፤ ነገር ግን እድር አለው። እያንዳንዱ ቤት በየወሩ ያዋጣል፤ በገንዘቡም ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበርና ድስት ይገዛል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ሁሉም ይሰበሰባል፤ የቀረም መቀጫ ይከፍላል። ይህ እጅግ የተመሰገነ ሥርዐት ነው፤ ድኻም ሀብታምም በክብር ይቀበርበታል።

ነገር ግን እናስተውል። ጎረቤታችንን የምንፈልገው በሞት ቀን ብቻ ከሆነ፥ በጃፓን መንደር በደለኛ ይቀጣበት የነበረውን ቅጣት እኛ ሳንበድል በራሳችን ላይ ፈረድን ማለት ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን እየኖርን የአንዱን ሕመም ሌላው ሳያውቅ፥ በሞቱ ቀን ድንኳን መትከል ምን ይጠቅመዋል? በሕይወቱ ሳለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ያላቀበሉት ሰው፥ ሲሞት ሃምሳ ሰው ቢያለቅስለት አይሰማም።

አንዳንድ ሰው «ከተማ ሥራ ይበዛል፤ ገንዘብ ያለው ሠራተኛ ይቀጥራል» ይላል። እውነት ነው፤ ገንዘብ ግንበኛ ይቀጥራል። ነገር ግን «ዛሬ በርዎ ሳይከፈት ለምን አረፈደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በገንዘብ አይቀጠርም። ሌላው ደግሞ «የዕለት እንጀራውን በቀን ሥራ የሚያገኝ ድኻ ትርፍ ቀን የለውም» ይላል። ይህም እውነት ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባዋ ተሸክማ ለምትወርድ እናት ሙሉ ቀን አምጪ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የሚጠየቀው በዐቅሙ ይሁን። ቀን የሌለው አንድ ሰዓት ይስጥ፤ ጕልበት የሌለው ሕፃን ይጠብቅ።

እድሮቻችን ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ። ለሕመምተኞችና ለሙት ልጆች የሚረዱ እድሮች አሉና፥ ሌሎቹም ምሳሌያቸውን ይከተሉ። ክረምት ሳይገባ አንድ ቀን ወስነው የሰፈሩን ቦይ ይጥረጉ፤ የአሮጊቲቱንም ቤት የሚያፈስ ቆርቆሮ ይጠግኑ። በቅርብ ዓመታት ብዙ ቤተ ሰቦች ከወንዝ ዳርና ከመንገድ ዳር ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል፤ እነርሱ በሄዱበት ገና እንግዶች ናቸው። እንግዳን ቀድሞ ሰላም ማለት የነባሩ ሰው ዕዳ ነው።

ልጆች ሆይ፥ እናንተም የምትሠሩት አለ። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ የደከሙ እናት ብታዩ ሸክማቸውን አግዙ፤ የቀረ ጓደኛችሁን ለምን እንደ ቀረ ጠይቁ፤ ለታመመ ጎረቤት ውኃ ቅዱ። ዛሬ የሰጣችሁት ቀን አይጠፋም። ጥሩምባው ሳይነፋ የመጣ ጎረቤት እርሱ እውነተኛ ጎረቤት ነው።