ፈረሱ ምን ኃጢአት ሠራ?

በ1990ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ተማሪ ከነበርነው መካከል በፀረ ኤድስ ክበብ ያላለፈ ጥቂት ነው። ግጥም አንብበናል፣ ቀይ ሪባን ደረታችን ላይ ለጥፈናል፣ በሰልፍ ሰዓት ድራማ ሠርተናል። በድራማችን መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሞታል፤ የሚሞተውም ሁልጊዜ ጥፋተኛው ነው። “መታቀብ፣ መወሰን፣ ኮንዶም” የሚለውን እንደ ሀሁ ሸምድደነዋል። አንድ ጥያቄ ግን ጠይቀን አናውቅም፦ ለመሆኑ ይሄ ቫይረስ ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ምንድን ነው?

በዚያው ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ጎረቤት ነበሩን። ቡና ሲፈላ ይጠራሉ፣ ይመጣሉም። የእሳቸው ሲኒ ግን የተለየች ነበረች፤ ጠርዟ የተሸረፈች፣ ለብቻዋ የምትቀመጥ፣ ለብቻዋ የምትታጠብ። ለምን እንደሆነ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

ሰሞኑን ስለ አንድ የፈረስ ቫይረስ ስናነብ ትዝ ያለችን ያቺ ሲኒ ናት። “ፈረስና ሲኒ ምን አገናኛቸው?” እንደምትሉ እናውቃለን። እስቲ ታገሱን።

የኤች አይ ቪ ዘመድ

እ.ኤ.አ. በ1904 ቫሌ እና ካሬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ፈረሶችን ደም እያሳነሰ የሚገድል አንድ ተላላፊ በሽታ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ አልፎ በሚሄድ ነገር እንደሚመጣ አሳዩ። ዛሬ ያ ነገር ሌንቲቫይረስ ከሚባለው ቤተሰብ እንደሆነ እናውቃለን። ኤች አይ ቪም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ የታወቀው ግን ከ80 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

የፈረሱ ቫይረስ ሰውን አይዝም። የተያዘ ፈረስ ያተኩሰዋል፣ ደሙ ያንሳል፣ ይከሳል። ይሻለዋል ሲባል ደግሞ ይነሳበታል። አንዳንዱ ይሞታል። ብዙዎቹ ግን ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ሰውነታቸው ቫይረሱን ይቆጣጠረዋል፤ ደህና ሆነው፣ ቫይረሱን ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመው ይኖራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህ ቫይረስ ያሉት ጂኖች 6 ብቻ ናቸው፤ ኤች አይ ቪ 9 አለው። በ6 ጂን ደግሞ ብቻን መኖር አይቻልም። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከፈረሱ ሴል ይበደራል።

መጀመሪያ በር ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች በሩን አገኙት፤ በፈረስ ሴል ገጽ ላይ የሚገኝ፣ ኢ ኤል አር 1 ብለው የሰየሙት ፕሮቲን ነው። ኤች አይ ቪ በበኩሉ ሲዲ4 እና ሲሲአር5 በሚባሉ የሰው ፕሮቲኖች በኩል ይገባል። ቫይረሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ታት የሚባለው ፕሮቲኑ ሳይክሊን ቲ1 የሚባለውን የሴሉን ሠራተኛ ይይዝና የቫይረሱን ጂን እንዲያስነብብለት ያደርጋል። የኤች አይ ቪም ታት የሚይዘው ይህንኑ ፕሮቲን ነው። የፈረሱ ታት ግን መራጭ ነው፤ ከፈረስ ሳይክሊን ጋር ይሠራል፣ ከሰው ጋር እምቢ ይላል። በመጨረሻም ለመውጣት የፈረሱ ቫይረስ አሊክስ የተባለውን፣ ኤች አይ ቪ ደግሞ በዋናነት ቲ ኤስ ጂ 101 የተባለውን የሴል ፕሮቲን ይጠቀማል።

ሥራው ይኸው ነው። ቫይረሱ የሚጠይቀው “እኔ የምፈልገው ፕሮቲን እዚህ አለ ወይ?” ብሎ ብቻ ነው። የተያዘው ማን እንደሆነ፣ የት እንዳመሸ፣ ከማን ጋር እንደነበረ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም። ኤች አይ ቪ ቅጣት ነው ላሉን ሁሉ የዘገየ ጥያቄ አለን፦ ፈረሱ ምን ኃጢአት ሠራ?

180 ሜትር እና አንዲት ሲኒ

እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የፈረሱን በሽታ የሚለይ አስተማማኝ የደም ምርመራ አለ። አሜሪካ ውስጥ ቫይረሱ የተገኘበት ፈረስ ወይ ይገደላል፣ ወይ ከሌሎች ፈረሶች ቢያንስ 200 ያርድ፣ ማለትም 180 ሜትር ገደማ ርቆ ዕድሜውን ይጨርሳል። ጭካኔ ይመስላል፤ ምክንያት ግን አለው። በሽታውን የሚያስተላልፈው አፉ ላይ ደም ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚበር ትልቅ ደም መጣጭ ዝንብ ነው። አንዱን ሲመጥ የተባረረ ዝንብ ምግቡን የሚጨርሰው ቅርብ ያገኘው ላይ ነው። ርቀቱ የተወሰነው ይህ ታውቆ ነው።

ያቺ ሲኒስ በምን ታውቆ ተለየች? ኤች አይ ቪ በሲኒ አይተላለፍም፤ በዝንብም በቢንቢም አይተላለፍም። ፈረሱን ያገለሉት አውቀው ነው፤ እኛ ጎረቤታችንን ያገለልነው ሳናውቅ ነው።

“ፍርሃቱ ባይኖር ስንቱ ባለቀ ነበር” የሚሉን አሉ። ፍርሃቱ አንዳንዱን ጠብቆ ይሆናል፤ አንክድም። ግን ያው ፍርሃት ስንቱን ከምርመራ ክፍል በር ላይ መለሰው? ስንቱን መድኃኒቱን ደብቆ እንዲውጥ አደረገው? መፍራት የሌለበትን የሚፈራ ሰው ደግሞ መጠንቀቅ ያለበትን ይስታል።

ማወቅ ምን እንዳመጣ ተመልከቱ። ሌናካፓቪር የሚባል መርፌ አለ። የኤች አይ ቪን ዛጎል የሴላችን ፕሮቲኖች በሚይዙት ቦታ ላይ ቀድሞ ይቀመጥና መንገዱን ያበላሽበታል። የሚወጋው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነው የደቡብ አፍሪካና የኡጋንዳ ጥናት መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች መካከል በቫይረሱ የተያዘች አንዲትም አልነበረችም። ይህ የመጣው የትኛው ፕሮቲን የትኛውን እንደሚይዝ ዓመታት ቁጭ ብለው ካጠኑ ሰዎች ነው። “የፈረስ ቫይረስ አጥንቶ ምን ሊፈይድ ነው?” የምንል ከሆነ መልሱ እዚህ አለ።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ለታናናሾቻችን መፈክሩን ብቻ አናስሸምዳቸው። ቫይረሱ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ምን እንደሚበደር፣ መድኃኒቱ የቱ ጋ እንደሚያቆመው እንንገራቸው። ይህን የተረዳ ልጅ ሲኒ ለይቶ አያጥብም።

በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ጎረቤታችን ያንን አልደረሱበትም። ሲኒዋ ግን ከእሳቸው በኋላም ለረጅም ጊዜ መደርደሪያው ጥግ ላይ ነበረች፤ ማንም አልጠጣባትም፣ ማንም አልጣላትም።