የዶሮዋን መድኃኒት የሚመርጠው መደርደሪያው ነው

ነገሌ ቦረናን የዓለም የወፍ ተመራማሪዎች አሳምረው ያውቋታል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የተዘረጋው የሊበን ሜዳ ከምድረ ገጽ ሊጠፉ ከተቃረቡት የአፍሪካ ወፎች አንዷ የሆነችው የሊበን ላርክ መኖሪያ ነው። በአካባቢው ጫካዎች የምትገኘው የሩስፖሊ ቱራኮ ደግሞ ታሪኳ ልብ ወለድ ይመስላል። ኢጣሊያዊውን ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊን በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ገደለው፤ ወፏን የት እንደያዛት ሳይመዘግብ በመሞቱም አዋቂዎች መኖሪያዋን ለአሥርተ ዓመታት ሲፈልጉ ኖሩ። ዛሬም እነዚህን ወፎች ለማየት ባሕር አቋርጠው የሚመጡ አሉ። በዚያችው ከተማ ጓሮ ውስጥ ሌሊቱን ሲያፍናት የምታድረውን ዶሮ ግን ዞር ብሎ የሚያይ ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው።

በቀቀን በጎጆ የሚያሳድግ ቤተሰብ በነገሌ፣ በያቤሎ ወይም በሞያሌ ብርቅ ነው። የቤት ወፍ ማለት ዶሮ ናት። በቦረና አርብቶ አደር ዘንድ ዶሮ የላምና የግመልን ያህል ክብር ኖሯት አያውቅም፤ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ግን ነገሩ ተለውጧል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ በተከታታይ ሲከዳ ከብቱ ያለቀበት ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማ ዳር ተጠግቷል። ለእንዲህ ያለ ቤት ከአራት አምስት ዶሮ በላይ የሚያረባው ነገር የለም። በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም የ45 ቀን ጫጩት የሚለውን ሐሳብ በየቀበሌው አስለምዷል። ጫጩቷ ስትታደል ፎቶ ይነሣል። ስትታመም ማን ጋ እንደምትወሰድ ለቤተሰቡ የነገረው የለም።

ስለዚህ ባለቤቷ ወደ ሱቅ ትሄዳለች።

«ልጄ፣ ዶሮዬ ታማብኛለች፤ የሚሆናት ስጠኝ» ትላለች። «ምን ሆነችብዎት እናቴ?» «ያፍናታል፤ ዓይኗም አብጧል።» ሻጩ ዞር ብሎ መደርደሪያውን ያያል፤ ያለውንም ያወርዳል። አንዳንድ ጊዜ የኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ለሰው የተሠራ የአምፒሲሊን እንክብል። «ይህን በውኃ በጥብጠው ይስጧት።» ለስንት ቀን፣ ስንት ማንኪያ፣ እንቁላሏስ ይበላል ወይ? አይጠየቅም፤ አይነገርም። በሻጩ መፍረድም ይከብዳል፤ ዶሮዋን አላያትም። እቤት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚና እሬት ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ችግሩ የሚያፍናትና ዓይኗ የሚያብጥ ዶሮ ቢያንስ በአራት የተለያዩ ምክንያቶች ልትታመም መቻሏ ነው፤ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። ከመንጋው ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ተቅማጥ ይዟቸው፣ አንገታቸው ተጠምዝዞ ካለቁ ፈንግል መጠርጠሩ አይቀርም። ፈንግል ከቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በኩክኒዋና በዓይኗ ዙሪያ እከክ ከወጣ ትንኝ የሚያዛምተው የዶሮ ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል። እሱም ቫይረስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይድናል። ለእነዚህ ሁለቱ የሚከፈለው የእንክብል ዋጋ ባክኖ የቀረ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ምክንያት በቆላማው አካባቢ ብዙም አይጠረጠርም። በረዥሙ ደረቅ ወቅት ሣሩ ደርቆ ዶሮዋ የምትለቅመው ነጭ በቆሎ ብቻ ሲሆን የቫይታሚን ኤ እጥረት ይይዛታል። ዓይኗ ያብጣል፣ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ይቋጥራል፤ ያየ ሁሉ ጉንፋን ነው ይላል። በውጭ አገር ጥሬ ብቻ የሚቀለቡ በቀቀኖችን የሚያሠቃየውም ይኸው እጥረት ነው። የእነዚያ ባለቤቶች ለደም ምርመራና ለራጅ ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚሰሙት ምክር «ቅጠል ስጧት» የሚል ነው። ለደቡብ ቆላ ሰው ይህ ምክር አያስቸግርም፤ ኮንሶ በየደጁ የሚተክለው ሽፈራው ቅጠሉ የቫይታሚኑን መነሻ በብዛት ይዟል።

አራተኛው ግን ቤተሰብን በእውነት የሚፈትን ሕመም ነው። ማይኮፕላዝማ የተባለች ረቂቅ ሕዋስ የምታመጣው ሥር የሰደደ የመተንፈሻ በሽታ ዶሮዋን ፈጥኖ አይገድላትም፤ ግን አይለቃትም። ታይሎሲን ወይም ቴትራሳይክሊን ሲሰጣት ማስነጠሱ ይቆማል፣ መብላት ትጀምራለች፣ ቤቱ ይደሰታል። ብርድ ሲነካት ወይም መኖ ሲያንሳት ይነሣባታል። ሕዋሷ ከሰውነቷ ሙሉ በሙሉ ስለማትወጣ «ዳነች» የተባለችው ዶሮ በሽታውን ተሸክማ ትኖራለች፤ ለጎረቤት ዶሮ በትንፋሿ፣ ለጫጩቷ ደግሞ በእንቁላሏ ታስተላልፋለች። በየሱቁ የሚሸጠው አምፒሲሊንማ ጭራሽ አይነካትም። የፔኒሲሊን ዘሮች የሚያጠቁት የሕዋስን ግድግዳ ነው፤ ማይኮፕላዝማ ደግሞ ግድግዳ የላትም።

እንግዲህ ምርጫው ምንድን ነው? በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ በቀቀን ያለው ሰው ወፉ ሥር የሰደደ ሕመም ሲይዛት ዕድሜ ልክ መድኃኒት ልስጣት ወይስ ሳትሠቃይ ትረፍ ብሎ ከሐኪሟ ጋር ይመክራል። ዶሮ ለድሃ ቤት የልጅ መጫወቻም፣ የአስቸኳይ ወጪ መሸፈኛም ናት፤ ጥያቄው ለእንዲህ ያለ ቤት አይቀልም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ግልጽ ነው፤ በተደጋጋሚ የሚነሣባትን ዶሮ በየወሩ በአንቲባዮቲክ ማቆየት ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። አንድ ጊዜ በትክክለኛው መድኃኒት፣ በትክክለኛው መጠን ትታከም፤ ከተመለሰባት ከመንጋው ትወገድ። ጨካኝነት የሚመስለው ይህ ውሳኔ የቀሩትን ያተርፋል። የአገሬው ዶሮ በዓመት ከ60 እንቁላል በላይ እምብዛም አትጥልም፤ የእርሷ እንቁላል ዋጋ በየጊዜው የሚገዛላትን ዱቄት አይመልስም።

ከዚህ ጋር የማይነጠል የሰው ጤና ጉዳይ አለ። በብዙ ቤት ዶሮዋ «አልተሻላትም» ሲባል ትታረዳለች፤ ጠዋት መድኃኒት የጠጣችው ማታ ወጥ ትሆናለች። እያንዳንዱ መድኃኒት ሥጋና እንቁላል የማይበላበት የመጠበቂያ ጊዜ አለው፤ ማብሰል ቅሪቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። በየቤቱ እንዲህ ሲዘራ የኖረ አንቲባዮቲክ ነገ ሕፃን ሲታመም ኃይሉን አጥቶ ይገኛል። የእንስሳት መድኃኒትና መኖን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጁ ለአዲስ አበባ ብቻ አልወጣም፤ የነገሌም፣ የሞያሌም ሱቅ ይመለከተዋል።

ሱቁን መቆጣጠር ብቻውን ግን ሴትዮዋን ያለ አማራጭ ያስቀራታል። አማራጩ ቀድሞ መከላከል ነው፤ እሱም ከአገር ውስጥ ይገኛል። የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሙቀት የሚቋቋም የፈንግል ክትባት ያመርታል። አይ-ቱ የተባለው ይህ ዝርያ አውስትራሊያ ውስጥ የተዘጋጀው ማቀዝቀዣ ለማይገኝበት ገጠር ታስቦ ነው። መርፌ አያሻውም፤ አንዲት ጠብታ ዓይኗ ላይ ይበቃል፤ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። እንከኑ ሌላ ነው። ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መጠን ይይዛል፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ ለከርሞ አይቀመጥም። አምስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም። መንደሩ በአንድ ቀን መሰብሰብ አለበት።

ሞዛምቢክ ይህን በሥራ አሳይታለች። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በመጋቢት፣ በሐምሌና በኅዳር ገደማ፣ ከመንደሩ የተመረጡ ከታቢዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ባለቤቱም ለየዶሮው ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል። ለእኛም ባዕድ አይደለም። የከብት ደስታ በሽታን ከአፋር ቆላ ለማጥፋት በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተሄደበት መንገድ ይኸው ነበር፤ ሙቀት የሚችል ክትባት በማኅበረሰቡ ውስጥ በሠለጠኑ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች እጅ በእግር ተጓዘ። ኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ. ከበሽታው ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ዓለም በሙሉ ተገላገለው። በቦረናና በጉጂም እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ፍየልና ግመል ሲከትቡ ኖረዋል። ዶሮ በዝርዝራቸው ውስጥ ያልገባችው ትንሽ ናት ተብላ ይመስላል፤ ወይም የሴቶች ሀብት በመሆኗ።

ያቤሎ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አላት። በየወረዳው ክሊኒክ አለ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት በሳምንት አንድ የገበያ ቀን ለዶሮ ቢመድብ፣ የሞተችውን ዶሮ ከፍቶ የሚያይ አንድ ባለሙያ ቢኖረው፣ የጠረጠረውንም ናሙና ወደ ያቤሎ ቢልክ፣ ሻጩ ከመደርደሪያው ከማውረዱ በፊት የሚጠይቀው ሰው ያገኛል። ክትባቱ ደግሞ ከዝናቡ በፊት እንዲደርስ ቀን ሊቆረጥለት ይገባል። የቦረና ዋናው ዝናብ በመጋቢት ስለሚጀምርና የዶሮዋ ሰውነት መከላከያ ለማዳበር ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት፣ የመጀመሪያው ጠብታ ከየካቲት አጋማሽ ማለፍ የለበትም።