ተራራው አንድ፣ ደረሰኙ ሰባት

ሰሞኑን ከዴንቨር ስልክ ተደወለልን። የደወለው የአንዳችን የአክስት ልጅ ነው። ለማታውቋት፣ ዴንቨር አበሻ በብዛት የሚኖርባት የኮሎራዶ ከተማ ናት፤ ከከተማዋ ወጣ ሲባል የሮኪ ተራሮች በረዶ ለብሰው ይጠብቃሉ። ሰውየው ታክሲ ይነዳል። ክረምት በመጣ ቁጥር (የእነሱ ክረምት እንጂ የእኛ አይደለም) ከመላው አሜሪካ በአውሮፕላን የሚመጡ ሰዎችን ከነረጃጅም ሻንጣቸው ጭኖ ወደ ተራራ ያደርሳል። ሻንጣው ውስጥ ያለው በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ዕቃ ነው፤ ስኪ ይሉታል።

«ልጆቼን ይዤ ልመጣ ነው» አለን። «ስሜን ተራሮችን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላን ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ትኬቷን ብቻ ቆርጣችሁ ጠብቁኝ።»

«ጋሼ፣ የትኛዋን ትኬት?»

«ለሁሉም የምትሆነዋን ነዋ!»

ሳቅን። እሱ ግን የምሩን ነበር። ለካ እሱ በሚኖርበት አገር ስኪ ለመሄድ የሚያቅድ ሰው በየተራራው በር ላይ ኪሱን አይዳብስም። ቬል ሪዞርትስ የተባለው ኩባንያ በ2008 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኤፒክ ፓስ የምትባል ትኬት በ579 ዶላር አወጣ። በ2018 አይኮን ፓስ የምትባል ተፎካካሪ መጣችባት። ከሁለቱ አንዷን የገዛ ሰው በአንድ ትኬት ከተራራ ተራራ፣ ሲያሻውም እስከ አውሮፓና ጃፓን ድረስ እየዞረ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ፓሷን ይገዛል፣ ቀጥሎ ፓሷ የምትሠራባቸው ተራሮች ለየትኛው አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚቀርቡ ያያል፣ የአውሮፕላን ትኬቱን የሚቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ያልገዛና ዕለቱን በር ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ቬል ተራራ ላይ ለአንድ ቀን ብቻ ከ300 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። አዎ፣ ለአንድ ቀን! ውድነቱም ሆን ተብሎ ነው፤ ሰው ቀድሞ እንዲገዛ።

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ቁልፍ ያለው። ፓሷ የምትሸጠው በረዶ ከመውረዱ በፊት ነው። ኩባንያው ገንዘቡን ይዞ ሰማዩን ያያል። በረዶው ባይወርድም ገንዘቡ ወርዷል ማለት ነው።

ለእኛ በረዶ ማለት ከክረምት ዝናብ ጋር መጥቶ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው፤ ራስ ደጀን አናት ላይ አልፎ አልፎ ነጭ ነገር ቢታይም ማንም ሻንጣ ይዞ አይመጣበትም። (ለነገሩ ስኪውም ባዳችን አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር በክረምት ኦሊምፒክ ላይ ባንዲራችንን ይዞ በበረዶ ላይ ሄዷል። በረዶ የሌለው አገር ተወዳዳሪ ካቀረበ፣ ተራራ ያለው አገር አንዲት ትኬት ማተም እንዴት ያቅተዋል?)

ለማንኛውም ለጋሼ ጉዞውን ልናቅድለት ተቀመጥን። ከመካከላችን አንዷ የደባርቅ ልጅ ስለሆነች እስክሪብቶው ለእሷ ተሰጠ። ከአዲስ አበባ ጎንደር፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ፤ አንድ ትኬት። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ለመኪናው ሌላ ክፍያ። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይገባና ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ መግቢያ ይከፈላል። ድንኳን መትከያ ለብቻው ነው። ጠመንጃ የያዘ ስካውት ግዴታ ነው፤ እሱም ለብቻው። አስጎብኚ ለብቻው። በቅሎና ባለ በቅሎ ለብቻቸው። ሰባት ደረሰኝ! ምግብ አብሳዩን እንኳ ገና አልቆጠርንም። ይህ ሁሉ ለአንድ ተራራ ነው። የፋሲል ግንብ የራሱ ትኬት አለው። ላሊበላ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትሰበስበው ሌላ ክፍያ አለ፤ በ2013 ለውጭ ጎብኚ ወደ 50 ዶላር የገባው።

በዚያው ዘመን የስሜን ፓርክ ለውጭ ጎብኚ በቀን የሚያስከፍለው 90 ብር ነበር። ዘጠና ብር! ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ እመት ጎጎ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚታየው ያ ሁሉ ገደል፣ በዘጠና ብር። ማን አሰበው? ከማን ጋር ተመካከረ? ጎንደርና ላሊበላ ያለው ቲኬት ቆራጭ ደባርቅ ያለውን ያውቀዋል? በየበሩ የተቀመጠው ሰው የራሱን ሳጥን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ሐቁን እንመስክር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነገሩ ገብቶታል። ከውጭ በእሱ አውሮፕላን የመጣ መንገደኛ የአገር ውስጥ በረራውን በቅናሽ ያገኛል። አንዱን ትኬት ከሌላው ጋር ማሰር ይቻላል ማለት ነው። ታዲያ ሰማይ ላይ የተቻለው ነገር ጎማው መሬት ሲነካ ለምን ይበጣጠሳል?

«አስጎብኚ ድርጅቶች ፓኬጅ ይሸጡ የለም ወይ?» የሚሉን አይጠፉም። ይሸጣሉ፤ ፓኬጅ ግን ሰባቱን ደረሰኞች በአንድ ፖስታ መክተት ነው። ለበቅሎው ስንት ደረሰ? ለስካውቱስ? ከፖስታው ውጪ ላለ ሰው አይታይም። ደግሞም ፓኬጁ የሚታሰበው በዶላር ለሚከፍል ነው። የዳባት መምህር ልጆቹን ይዞ ጊች ሜዳ ላይ እንዲያድር ያሰበ ፓኬጅ እስካሁን አላየንም። ከስሜን ሥር ተወልዶ ስሜንን በፖስት ካርድ የሚያውቅ ስንቱ ነው!

ሌሎች ደግሞ አሉ፤ ችግሩ የማስታወቂያ ነው የሚሉ። «የ13 ወር ፀጋ» ለአሥርት ዓመታት ተባለ። በ2016 ተነሥቶ «ምድረ ቀደምት» ተባለ። መፈክሩ ተቀየረ፣ ደባርቅ ያለው መስኮትና ወረፋ ያው ነው። ሰውን በመፈክር ጠርቶ በደረሰኝ ማባረር ምን የሚሉት እንግድነት ነው?

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ግን ለጋሼ ምቾት ብለን አይደለም። ለጊች ብለን ነው።

ጊችን ያያችሁ ታውቋታላችሁ። ከ3,500 ሜትር በላይ፣ ጓሳና ጅብራ የሞላው አምባ ነው። እዚያ ላይ መንደር ነበር። ገብስ ይዘራል፣ በግ ይረባል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰው ግን ትውልድ በትውልድ ኖሮበታል። ፓርኩ የተመሠረተው በ1969 ነው። በ1978 ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበር። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የዋልያ ማነስ፣ መንገድ፣ እርሻ፣ ግጦሽና ሰፈራ ነበሩ ምክንያቶቹ። በ2016 የጊች ሰዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ከአምባው ወርደው ደባርቅ ሰፈሩ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ጭብጨባው ትዝ ይለናል። ለእነማን እንደተጨበጨበም ትዝ ይለናል፤ ለጊች ሰዎች ግን አልነበረም።

አትሳሳቱን፤ ይመለሱ አላልንም። አምባው ተግጦ ተግጦ መሬቱ ወጥቶ ነበር፤ ዋልያውም የሚሄድበት አጥቶ ነበር። ሣሩ እንዲያገግም መደረጉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ካሳ ተከፍሏቸዋልም። ነገር ግን ካሳ የአንድ ጊዜ ነው፤ ተራራው በየቀኑ ይሸጣል። ገብስና በግ እንጂ ሌላ ሙያ የማያውቅ አባወራ ከተማ ዳር ወርዶ የተሰጠውን ብር ስንት ዓመት ይበላዋል? ልጁስ? ጎብኚው ድንኳኑን የሚተክለው እነሱ ለቀው በወረዱበት አምባ ላይ ነው። ከሰባቱ ደረሰኞች በአንዱ ላይ ግን «ጊች» የሚል መስመር የለም።

በ2019 መጋቢት መጨረሻ ላይ ያ አምባ ተቃጠለ። እሳቱ ጊችና እመት ጎጎ አካባቢ ያለውን ጓሳ በላው፤ ጠፋ ሲባል ተመልሶ ተነሣ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ እናመሰግናለን። ከእነሱ በፊት ግን ከደባርቅና ከአካባቢው ቅጠል ቆርጦ ውሃ ተሸክሞ የወጣው ሕዝብ ነው። የወጣው ተራራው የእኔ ነው ብሎ ነው። ይህ ስሜት ያለ ቀለብ የሚኖረው እስከ መቼ ነው?

እንግዲህ «እናንተም የአሜሪካንን ፓስ አምጡ» ነው ነገራችሁ ለሚል፣ አይደለም። ፓስ በራሱ ማንንም አያጠግብም። በ2024 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ዩታ ውስጥ የቬል ንብረት በሆነው ፓርክ ሲቲ ተራራ ላይ የበረዶው ጠባቂዎች ሥራ አቆሙ። በዓመቱ የገና ሰሞን፣ ሚሊዮኖች በሚዛቁበት ሳምንት! ጥያቄያቸው ደመወዝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ታግለው ነው ያገኙት። ጋሼም ይህንኑ ነግሮናል፦ «ተራራው ላይ የሚሠሩት እኮ ተራራው ሥር ቤት መከራየት አይችሉም» ብሎ። ስለዚህ ድርሻ በኋላ የሚታሰብ ነገር ከሆነ አይመጣም። ትኬቷ ላይ መታተም አለበት።

የምንለው ይህ ነው። ስሜንን፣ የጎንደርን ግንብ፣ ላሊበላን የምታስገባ አንዲት ትኬት ትታተም፤ አክሱምም ይጨመርባት። አየር መንገዱ ከበረራው ጋር ይሽጣት። መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራና አደይ ሲፈነዳ፣ የጉብኝቱ ወቅት ሳይከፈት ሽያጩ ይጀመር። ለኢትዮጵያዊ ዋጋዋ የመምህር ደመወዝ የሚደፍራት ትሁን፤ ለውጭ ጎብኚ ደግሞ ዘጠና ብር የሚባለው ቀልድ አይደገም። ከዋጋዋ አንድ አምስተኛው «የጊች ድርሻ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍባትና ለተነሡት ቤተሰቦች፣ ለስካውቶቹና ለባለ በቅሎዎቹ ይሂድ። የገባውና የወጣው ብር በየወሩ ደባርቅ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ። በአማርኛ፣ በትልልቅ ቁጥር። የማይለጠፍ ከሆነ ግን ይቅርብን፤ ስምንተኛ ደረሰኝ አንፈልግም።

ቀድሞ መሸጡ ላይ የምንሟገተው በምክንያት ነው። የእኛ በረዶ ሰላም ነው፤ አንዳንድ ዓመት አይወርድም። በ2020 ኮሮና መጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ጦርነት ተነሣ። በ2021 ጦርነቱ እስከ ዳባት ደጃፍ ደርሶ ጭና ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያው ዓመት ላሊበላም ለወራት ተይዛ ነበር። በነሐሴ 2023 በክልሉ ግጭት ሲቀሰቀስ ወደ ጎንደርና ላሊበላ የሚደረገው በረራ ተቋርጦ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ባለ በቅሎው በቅሎውን ምን አበላት? እንግዳ በመጣ ቀን ብቻ የሚከፈለው ሰው እንግዳው ሲቀር ባዶ እጁን ነው። ቬል በ2020 መጋቢት ተራሮቹን ሲዘጋ ፓስ ለገዙት ለቀጣዩ ዓመት የሚታሰብ ቅናሽ ሰጠ፤ ገዢው አልሸሸም። እኛም «መንገድ ከተዘጋ በሚቀጥለው ዓመት ትሠራለች» የሚል አንድ መስመር መጻፍ እንችላለን። ይህን መስመር አይታ ከአሁኑ የምትገዛ ዲያስፖራ አትጠፋም፤ ጋሼን እኛው እናስፈርመዋለን።

ቱሪዝም ሚኒስቴር፣ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን፣ የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ቤተ ክህነት፣ አየር መንገድ። አምስቱም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ጠረጴዛው ደባርቅ ቢሆን እንመርጣለን፤ ከተቻለም ከጊች የወረዱ ሁለት ሽማግሌዎች ቡናው ከመፈላቱ በፊት ይጠሩ፤ ውሳኔው ካለቀ በኋላ ለፎቶ አይደለም።

ጋሼ ትናንት መልሶ ደውሎ ነበር። ዝርዝሩን አነበብንለት። ሰባቱን ሰምቶ ጸጥ አለና «ቢጫ ካርድ እኮ አለኝ፤ እሱስ በየትኛው በር ነው የሚሠራው?» ብሎ ጠየቀን። ነገ ከነገ ወዲያ በየመስኮቱ ደውለን እንጠይቅለታለን። ለልጆቹ የላብ መተኪያ ሹራብ ይዞ እንዲመጣ ነግረነዋል፤ የጊች ሌሊት የዴንቨርን ያስንቃል። ዝርዝሩ የተጻፈባት ወረቀት እኛ ጋ ናት። የሚፈልጋት መሥሪያ ቤት ካለ ያለ ደረሰኝ እንሰጣለን።