የጦርነት ፊልም እና ትንንሽ ልጆች

በጅማም ሆነ በአጋሮ ማታ ቡና ተፈልቶ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ቴሌቪዥኑም ይከፈታል። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ፒያኒስት» በፈራረሰችው ዋርሶ ተደብቆና ተርቦ የተረፈውን የሙዚቀኛውን የስፒልማንን እውነተኛ ታሪክ ያሳያል። አዋቂ ቢያየው ጥሩ ነው፤ ትንሽ ልጅ ግን ባያየው እላለሁ።

«ገና ልጅ ነው፣ አይገባውም» አትበሉ። ታሪኩ ባይገባውም ፍርሃቱ ይገባዋል። ትንሽ ልጅ ፊልምን ከእውነት ለመለየት ይቸገራል። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ልጅ ደግሞ ያለፈው ሁሉ ሊመለስበት ይችላል።

ልጃችሁ ሌሊት ከባነነ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ ወይም ከእናቴ አልለይም ካለ አትቆጡት። አቅፋችሁ አረጋጉት፤ ምን እንዳስፈራው ጠይቁት። ለሳምንታት ከቀጠለ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ፊልሙን ልጆች ከተኙ በኋላ እዩት።